ከባሕር ማዶ የመጣው ሹራብ

ጥቅምት 8 ቀን

ለእህቴ ልጅ ለፌንጣዬ፣

ይህ ወረቀት በሚያልፍበት እጅ ሁሉ ደግ ሰው ይግጠመውና ሳይረጥብ ሳይቀደድ እጅሽ ይግባ። እኛ ሁላችንም አለን። የኔ ጉልበት ዝናብ መምጣቱን ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል፤ ከዚህ በቀር የሚያመኝ የለም። እናትሽም ደህና ናት። ጆሮዋ ብሶበታል፤ ስልክ ላይ «ማን ልበል?» ትልና መልሱን ሳትሰማ ትዘጋዋለች። ዓይኗ ግን ዛሬም ክር በመርፌ ለማስገባት መነጽር አይጠይቅም። የስፌት መኪናዋን በሩ ላይ አድርጋ የላይኛውንም የታችኛውንም ሰፈር ልብስ ትጠግናለች። ፖስተኛው ብቅ ሲል ፔዳሉን ታቆማለች፤ ሲያልፍ ትቀጥላለች። ይህን የምጽፍልሽ ለወሬ ያህል ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ሁለቱን ሰፈር የሚያገናኘውን የድንጋይ ደረጃ ታስታውሺዋለሽ። ፌንጣ ያልኩሽ እዚያ ላይ በአንድ እግር ስትዘይ አይቼ ነው። ባለፈው ክረምት ሽማግሌው የባቡር ትኬት ቆራጭ ከዚያ ላይ ተንሸራተው ዳሌያቸው ተሰበረ። አሁን ሰላም የሚሉን በመስኮት ነው። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳሳፍር ኖሬ፣ እኔ ማንም የማይጭነኝ መንገደኛ ሆኜ ቀረሁ» ይላሉ። እኛ እንስቃለን።

ስለዚህ ጡረተኛዋ አዋላጅ ኮሚቴ አቋቋሙና ደረጃው የእጅ መደገፊያ ብረት ይግባለት ተባለ። ብረት በያጁ ጉልበቴን በነፃ እሰጣለሁ አለ፤ ብረቱ ግን በምርቃት አይገዛም። እንግዲያው እያንዳንዱ ቤት የማይጠቀምበትን ዕቃ ያውጣና እንሽጥ ተባለ። የሁለቱም ሰፈር ሰው በጆንያ በጆንያ አመጣ። የሽያጩ አለቃ ማን ሆነ? እኔ። «አንተ አፍህ ይሸጣል» አሉኝ አዋላጇ። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየልኝም።

ማስታወቂያውን በቀይ ቀለም አሳምሬ ጻፍኩት። ቅዳሜ ሰው ሁሉ የላይኛውን ሰፈር አዳራሽ ሞላው። ግን ምን ያደርጋል፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የመጣው። ሕመምተኛ ሊጠይቅ እንደገባ ሰው ቀስ እያለ ይዞራል። የራሱ ዕቃ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ የሚስቅበት እንዳለ ዙሪያውን ይቃኛል፤ ከዚያ ወደ ቤቱ። ሰው ሁሉ ለየራሱ አሮጌ ዘብ ቆሞ ዋለ እንጂ የገዛ አንድም የለም። ጓደኛዬ ፀጉር አስተካካዩ አንድ ኮት አንስቶ የሂሳብ አስተማሪው ትከሻ ላይ ሊለካ ቢሞክር፣ «የጎረቤቴን ኮት ለብሼ በጎረቤቴ ደጅ ልለፍ?» ብሎ እንደ እሳት ዘለለ።

አንቺ ያለሽበት አገር ሰው አሮጌ ዕቃውን በሩ ላይ ዘርግቶ እንደሚሸጥ፣ ጎረቤቱም ሳያፍር እንደሚገዛው ድሮ ጽፈሽልኝ ነበር። እንዴት ነው የሚያደርጉት? ደግሞ ትልቅ የልብስ ድርጅት ውስጥ የምትሠሪ ሰው ነሽ፤ ካንቺ ወዲያ አዋቂ አላገኝም። እግረ መንገድሽን ሁለት ደህና ብሩሽ ብትልኪልኝ አልጠላም። የኔዎቹ ፀጉራቸው ረግፎ እኔን መስለዋል።

አጎትሽ ባለብሩሹ


ኅዳር 4 ቀን

ለምወድህ ለጋሼ፣

ሳቅህ ከቤታችን አይራቅ። ጉልበትህም የዝናቡን ብቻ ይንገርህ እንጂ ሌላ ወሬ አያምጣብህ። ደብዳቤህን አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ሳነብ ሳቅ አመለጠኝና አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች።

ልብሱን ከጆንያ ገልብጣችሁ ጠረጴዛ ላይ ከምራችሁት ነበር፣ አይደል? ክምር ያየ ሰው ጥራጊ ያየ ይመስለዋል። እጠቡት፣ ተኩሱት፣ ገመድ ላይ በየልኩ ስቀሉት። ቁልፍ የጎደለው ካለ ቁልፍ ይተከልለት። ስኒውን ከስኒ፣ ድስቱን ከክዳኑ አገናኙት። መስታወት አቁሙ፤ ራሱን አንዴ በመስታወት ያየ ሰው ልብሱን መልሶ ለመስቀል እጁ ይከብደዋል። የልጆች መጫወቻ መሬት ላይ ይሁን፤ የሚመርጠው ልጅ ነውና ዓይኑ በሚደርስበት። ዋጋውን ደግሞ ሁሉም ላይ ጻፉበት። ሰው ዋጋ መጠየቅ ያፍራል፤ ጠይቆ አለመግዛት ደግሞ ይብስበታል።

የላይኛውን ሰፈር ዕቃ ታች፣ የታችኛውን ላይ ሽጡት። ባለቤቱን የሚያውቁትን ዕቃ ማን ይገዛል?

አንድ ነገር ልጨምርልህ። እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ደጁ ላይ ጠረጴዛ የሚያወጣ ሽማግሌ አለ። የተሰነጠቀ መብራት ያነሳና «ይሄ የመርከብ አዛዥ መብራት ነበር» ይላል። በሕይወቱ የመርከብ አዛዥ ያየ አይመስለኝም፤ መብራቱ ግን ተሸጠ። ሰው ዕቃውን ሳይሆን የመጣበትን ታሪክ ነው የሚገዛው። ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽው እንዳትለኝ፤ ቅዳሜ ስወጣ አያለሁ። ለማየት ብቻ።

ሥራ ደህና ነው። ብሩሹን አልረሳሁም፣ ትንሽ ታገሰኝ። ለእማዬ እጽፋለሁ፤ ልትጽፍልሽ ነው በልልኝ። እስካሁን የዘገየሁት እስኪሞላልኝ ነው። ባዶ ፖስታ ለእናት አይላክም፤ አንተም ታውቀዋለህ።

የእህትህ ልጅ


ታኅሣሥ 16 ቀን

ለፌንጣዬ፣ ለሽያጭ አማካሪያችን፣

ያማከርሽን አንደበት ማር ያጉርሰው። ሸጥን። መሸጥ ብቻ ሳይሆን ጠረጴዛው ራሱ ሊሸጥ ለጥቂት ተረፈ። ብረቱ ተገዝቶ በያጁ ደጅ ተጋድሟል። ትኬት ቆራጩ በመስኮት ሆነው ብልጭታውን ያያሉ። «ፉርጎዬ እየተሠራ ነው» ይላሉ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ ግን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ያልሽኝን አንድም ሳላስቀር አደረግሁ። ሆኖም ሰውን አውቀዋለሁ። እቃው ታጠበም ተተኮሰም የታችኛው ሰፈር ጥራጊ መሆኑን እስካወቀ ድረስ እጁን ከኋላው አይፈታም። ያ ያንቺ ሽማግሌ ትዝ አለኝ። እኔና ፀጉር አስተካካዩ ተማከርን። የቀድሞውን ጆንያ ሁሉ ቆራሌው ወሰደው ብለን አስወራን። እሱ ቤት ከሚስቱ ጋር ሆነን ስናጥብና ስንተኩስ ሰነበትን። ከዚያ እኔ ሰሌዳ አዘጋጀሁ። ሰማያዊ መደብ፣ ነጭ ፊደል፣ ዳር ዳሩ ላይ ትንሽ የባሕር ሞገድ። «ከባሕር ማዶ የመጣ» ይላል። ማን ላከው ሲሉኝ፣ የእህቴ ልጅ አልኩ። ምላሴ እኔን አላማከረም።

ያን ጊዜ ብታይ፣ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረው ሁሉ በሁለት እጁ መዳሰስ ጀመረ። የሂሳብ አስተማሪው ዳቦ አመላላሹ የጣለውን ጫማ ገዛ። አጥልቆ ወዲያ ወዲህ አለና «ቆዳ ማለት ይሄ ነው፤ እዚህ እንዲህ አድርጎ የሚያለፋ የለም» አለ። ሶሉን የቀየረው የታችኛው ሰፈር ጫማ ሰፊ አጠገቡ ቆሟል። አንዴ ጫማውን፣ አንዴ እኔን አየና ሳል አስመስሎ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ሳቁን ለመደበቅ ፎጣ ነከሰ። በሳምንቱ የላይኛውን ዕቃ ታች ወስደን ደገምነው።

እናትሽም የመጀመሪያው ቅዳሜ መጥታ ነበር። እንደምትመጣ አላሰብኩም። እንዲያውም የመጀመሪያዋ ገዢ እሷ ናት፤ ከሷ በፊት ሰው ሁሉ ይዳስስ ነበር እንጂ አልከፈለም። ገመዱን ተከትላ ሄደችና ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሹራብ ፊት ቆመች። አወረደችው። እጅጌውን ወደ ውስጥ ገለበጠች፣ ክርኑን በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። ከዚያ ጮክ ብላ፣ እንደምታውቂው ጆሮዋ ከባሰበት ወዲህ በሹክሹክታ መናገር አትችልም፣ «ይሄን ልጄ ናት የላከችው?» አለችኝ። አዳራሹ ሙሉ ዞሮ አየን። ምን ልበል? «አዎ» አልኩ። የተጻፈውን ዋጋ ከፍላ እዚያው ለበሰችው። ከዚያ ነው ሰው የተንጋጋው።

ሹራቡ የታችኛው ሰፈር የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ነበር።

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ስስቅ አመሸሁ። በማግስቱ እናትሽ ለብሳው አየኋት። በሦስተኛውም ቀን። መኪናው ላይ ጎንበስ ስትል እጅጌው መርፌው ሥር እንዳይገባ ትሰበስበዋለች፤ እንደ ሐር ነው የምትይዘው። ሳቄን ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም።

ብሩሹ ይቅር፣ ተይው። ለእናትሽ ግን አንድ መስመር ጻፊላት። ዕቃውን እኔ ነኝ የላክሁት፣ ሹራቡን አንቺን አስቤ ነው በያት። ከዚህ ሌላ ምንም አልለምንሽም።

አጎትሽ


የካቲት 27 ቀን

ጋሼ፣

ጤና ይስጥህ። ዛሬ ከዚህ በላይ የምመርቅበት አፍ የለኝም።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆየ። ወረቀት አወጣለሁ፣ ስምህን እጽፋለሁ፣ መልሼ አጥፈዋለሁ። ስናደድ ቆይቼ ነው እንዳልል፣ ንዴቱ ቶሎ ወጣልኝ። የቀረው ሌላ ነው።

የልብስ ድርጅቱ ከተዘጋ ሊሞላው ነው፤ ዓመት። አሁን የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ አጥፋለሁ፤ ሲጠሩኝ እሄዳለሁ፣ ካልጠሩኝ አልሄድም። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ ይራመዳል፣ መሐል ላይ ይገናኛል፣ ይለያያል። ጓደኛዬ በመጣችና በሄደች ቁጥር ፊቴን ታየዋለች፤ ከሷ መደበቅ አልቻልኩም። ከእማዬ ግን ባሕሩ ደበቀኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለማየት እወጣለሁ ያልኩህ ውሸት ነው። ከላይ እስከ ታች የለበስኩት ከነዚያ ጠረጴዛዎች የተገዛ ነው። ለዚያ ነው እንዲያ አድርጌ ያስተማርኩህ።

ለእማዬ ያልጻፍኩት የምከትበት ገንዘብ ስላጣሁ ነው። ስትከፍተው ምንም ሳይወድቅ፣ ፖስታውን ስታራግፍ ታየኝ። በዚህ ወር ይሞላልኛል፣ በሚቀጥለው ይሞላልኛል ስል ጊዜው ሄደ። አሁን ደግሞ በአንተ አፍ ለሰፈር ሁሉ ጭነት ልኬ ለእናቴ ምንም ያልላክሁ ሆንኩ። የልጇን ስጦታ በራሷ ገንዘብ ገዛች። ሰው ፊት። ጋሼ፣ ይህንን እንዴት አላሰብከውም?

ላክሁ ብዬ አልጽፍላትም። አልላክሁም ብዬም መጻፍ አልቻልኩም። እጄ እምቢ አለኝ።


መጋቢት 18 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ ሥራሽን ይባርክልሽ፤ አንሶላው ይቅለልሽ። እኔን ለመርገም ያልደፈረው አፍሽ ይባረክ፤ እኔ ራሴን ከረገምኩ ሰነበትኩ።

ሥራ እንደፈታሽ ባውቅ ኖሮ ምላሴን በጥርሴ እይዘው ነበር ልልሽ አሰብኩና ተውኩት። ባላውቅም መያዝ ነበረብኝ። እሷን ረስቻት ነበር፣ እውነቱ ይኸው ነው። ሰሌዳው ሲያምር፣ ሰው ሲስቅልኝ፣ እህቴ አዳራሹ ውስጥ ጆሮ ባይኖራትም ዓይን እንዳላት ረሳሁ።

ነገሩ ደግሞ እየገፋ መጣ። የሂሳብ አስተማሪው ለአንቺ ማመልከቻ ጽፎ ሰጥቶኛል፤ በሚቀጥለው ጭነት አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ጫማ ይፈልጋል። ጣቱን እየቆረጠመው ነው። ኪሴ ውስጥ አለ፣ አልልክልሽም። እሱስ ባልከፋ፤ ኮሚቴው ተሰብስቦ ስምሽ በብረቱ ላይ ይጻፍ ብሎ ወሰነ። «የባሕር ማዶ ልጃችን መታሰቢያ» ተብሎ። ጸሐፊው ማን ነው? በሁለቱም ሰፈር ከኔ ሌላ ባለብሩሽ የለም። ቀለሙን አዋላጇ ራሳቸው ገዝተው አመጡልኝ። «አፍህ ሸጠልን፣ እጅህ ያመስግንልን» አሉኝ። ቆርቆሮው አልጋዬ ሥር ነው፤ እስካሁን ክዳኑን አልከፈትኩም።

ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ። ባለፈው ሐሙስ ለበያጁ ልኬቱን ይዤለት ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ። እናትሽ የተጠገነ ልብስ ታቅፋ ትወርዳለች፣ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ከታች ትመጣለች። እናትሽ ሹራቡን ለብሳለች። መሐል ላይ ተገናኙ። ሴትዮዋ ቆመች፤ ከአንገትጌው እስከ ጫፉ አየችው። እኔ ሜትሩን እንደያዝኩ ደረቅሁ።

«እንዴት ያምርብሻል» አለቻት ጮክ ብላ።

«ልጄ ናት የላከችልኝ» አለች እናትሽ።

«እጇ ይባረክ። እንዲህ ያለ ቀለም እዚህ የት ይገኛል?»

«የትም» አለች እናትሽ፤ ወደኔ ሳትዞር አልፋኝ ወረደች።

ድንጋዩ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ምን ነበረበት። በያጁ «ስንት አልክ?» ይለኛል፤ ሜትሩን ገልብጬ እያነበብኩለት ነበር።

ልነግራት ስንት ጊዜ ቤቷ ሄድኩ። እገባለሁ፣ ጠባቧ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ እሷ ትሰፋለች። «ምን ሆነህ ነው?» ትላለች። «ሱሪዬ ተቀደደ» እላለሁ። ያልተቀደደ ሱሪ ማን ያመጣል? ቤቴ ገብቼ እቀደዋለሁ። ለመናገር ፈርቼ ሦስት ሱሪ ጨርሻለሁ፤ ሁሉንም ሰፍታ መለሰችልኝ።

ብረቱ በሚያዝያ መጨረሻ እሑድ ይመረቃል። የምለምንሽ ነገር የለም። እውነቱን ከጻፍሽላት ደብዳቤውን ራሴ አደርሳለሁ፤ የሚመጣውንም ቆሜ እቀበላለሁ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 6 ቀን

ለጋሼ፣

ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ለመቆም ያስፈልግሃልና።

እዚህ ፖስታ ውስጥ ሌላ የታሸገ ፖስታ አለ፤ የእማዬ ነው። ሁሉንም ጽፌዋለሁ። የድርጅቱን፣ የአንሶላውን፣ ምንም እንዳልላክሁ። ካንተ ውሸት የኔ ዝምታ እንደሚያስነውር ጽፌያለሁ። ከወረቀቱ ሌላ ምንም አልከተትኩበትም። ብታራግፈው አይወድቅም። ስታነበው ፊቷ ቆመህ እይልኝ፤ ምን እንዳለችም አሳምረህ ሳይሆን እንዳለችው ጻፍልኝ።

ለብቻው በታሸገው ጥቅል ብሩሽ አለ። አንድ ነው፤ ሁለት አልሞላልኝም። ከዚያ መብራት ከሚሸጠው ሽማግሌ ጠረጴዛ ነው የገዛሁት። የታላቅ ሠዓሊ ብሩሽ ነበር ሊለኝ ሲጀምር «ታሪኩን ተወው፣ ብሩሹን ስጠኝ» አልኩት። ሳቀና ቀነሰልኝ። ፀጉሩን ደጋግሜ አጥቤዋለሁ፤ እጀታው ላይ የሌላ ሰው ቀለም ቀርቷል፣ አልለቅ አለ። አሮጌ ነው ጋሼ። አሮጌ መሆኑን እያወቅህ ያዘው።

የእህትህ ልጅ


ግንቦት 3 ቀን

ለፌንጣዬ፣

ያለሽበት ሰማይ ይራራልሽ፤ በደጅሽ የሚያልፍ ሁሉ በስምሽ ይጥራሽ። እንዳለችው ጻፍ ብለሻልና እንዳለችው እጽፋለሁ።

ፖስታውን ወሰድኩላት። ሹራቡን ለብሳለች። ተቀብላ ጠርዙን በመቀስ ቆረጠችው፤ ወረቀቱን አወጣች፤ ፖስታውን አላራገፈችም። ይህን መጀመሪያ የነገርኩሽ ማወቅ የምትፈልጊው እሱን እንደሆነ ስለገባኝ ነው። መስመሩን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። እኔ ቆሜያለሁ። ጨርሳ እንደገና ከላይ ጀመረች። ከዚያ አጥፋ የመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና መርፌዋን ክር ልታስገባባት አነሳች። ለመጀመሪያ ጊዜ ክሩ አልገባላት አለ።

«አንድ ዓመት ሙሉ» አለች፣ «ፖስተኛውን የምጠብቀው ገንዘብ ፈልጌ ነው ብላ ነው?»

ከፖስታው የተቆረጠችውን ጠርዝ ከወለል አነሳሁ።

«ትበላለች?»

«ትበላለች።»

«እንዴት አወቅህ?»

አላወቅሁም። እንግዲህ ይውጣልኝ ብዬ ጆሮዋ አጠገብ ጎንበስ አልኩና ስለ ሹራቡ ልናዘዝ ጀመርኩ። ገና «ይሄ ሹራብ» ስል በመቀሱ ገፋ አደረገችኝ። እጅጌውን ገለበጠችና ክርኑን አሳየችኝ። ትንሽ ጥገና አለች፤ ክሯ ከሹራቡ ቀለም ጋር አንድ ናት፤ በዓይን አትታይም፣ በጣት ብቻ ነው የምትታወቀው።

«ይህን የጠገንኩት እኔ ነኝ» አለች። «የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ምጣዱ አቃጥሎባት ያመጣችልኝ። አንተ ሞኝ፣ በሁለቱ ሰፈር እኔ ያልሰፋሁት ልብስ አለ? የዳቦ አመላላሹን ሸሚዝ፣ የጫማ ሰፊውን ካፖርት፣ ሁሉንም ገመድህ ላይ አየሁት።»

«ታዲያ ለምን ገዛሽ?»

«ሰው ሁሉ ይነካል እንጂ አይከፍልም ነበር። አንተ የልጄን ስም ጠርተህ ሰቅለኸዋል። ማንም ሳይገዛው ቢውልስ?»

ፌንጣዬ፣ በሕይወቴ ብዙ ሰው አታልዬ ስቄያለሁ። እንደዚያ ቀን ያነስኩበት ቀን የለም። ለካ ሹራቡን በገዛች ማግስት ዳቦ ጋጋሪው ቤት ወርዳ ሹራብሽን ለብሻለሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው ብላ ለሴትዮዋ ነግራታለች። ደረጃው ላይ ያየሁት ለኔ የተዘጋጀ ነበር። ሁለቱ ከዚያ በኋላ ጓዳ ገብተው እስኪያለቅሱ ሳቁ አሉ።

«እና በየቀኑ የለበስሽው?» አልኳት።

«ይበርዳል» አለች። ቀጥላም «ደግሞ እንድታየው» አለች።

«ብረቱ ላይ ምን ልጻፍ?» ስላት «ልጄ ያላደረገችውን አትጻፍባት» ብላ ፔዳሉን ረገጠች።

እሑድ ሳይነጋጋ ወረድኩና ከብረቱ ጫፍ በተበየደው ሰሌዳ ላይ በላክሽልኝ ብሩሽ ጽፌ ጨርቅ አንጠለጠልኩበት። ከነዚያ ከኔዎቹ ይሻላል፤ ጭረቱ ቀጥ ይላል። ሰው ሲሰበሰብ አዋላጇ ጨርቁን ገለጡት። እንዲህ ይላል፦ «ይህን ብረት የገዛው የላይኛውና የታችኛው ሰፈር አሮጌ ዕቃ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ የለም። ውሸቱ የባለብሩሹ ነው።»

ያነበበ ላላነበበው ነገረ። አስተማሪው ጫማውን አየ። አንዷ ሻርፗን ከአንገቷ አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ሌላው የሚስቱን ፊት ሸሸ። ሰው ሁሉ ከበረበት ልብስ ውስጥ መውጣት ፈልጎ፣ መውጫ አጥቶ ቆመ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ፎጣ አልነከሰም። አዋላጇ አነበቡት፣ እኔን አላዩኝም፤ «ቀለሙ እስኪደርቅ ማንም እንዳይነካው» ብቻ አሉ።

ያን ጊዜ በወንበር ተሸክመው ያመጧቸው ትኬት ቆራጭ ድምፃቸውን አሰሙ። «ጽሑፉን ሰማሁ» አሉ። «ብረቱስ የምር ነው?»

«የምር ነው» አልኩ።

ተነሡና ያዙት። አንድ ደረጃ ወረዱ፣ ቆሙ፣ ሁለተኛ ወረዱ። አስተማሪው በጠበበው ጫማው ከጎናቸው አብሮ ወረደ። ማንም አላጨበጨበም፤ ተከትለዋቸው ግን ሄዱ።

እስከ ዛሬ አስተማሪው ሰላም አይለኝም። አዋላጇ ቆይተው ይመለሱልኝ ይሆናል። እኔ ደረጃውን ስወጣ ስወርድ በግድግዳው በኩል ነው፤ ብረቱን ለመያዝ እጄ ያፍራል። ትናንት እናትሽ ከላይ ሆና አየችኝና ሰፈር በሚሰማው ድምፅ «ያዝ፣ ትወድቃለህ!» አለችኝ። ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነው።

ከዚህ ጋር የሚደርስሽ ጥቅል ውስጥ ሹራቡ አለ። እናትሽ አጥባ፣ የላላውን አንገትጌ አጥብቃ ራሷ አሽጋዋለች። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ሁለት ትርፍ ቁልፍ ጨምራበታለች። «አሮጌ ነው በላት» ብላኛለች እናትሽ፣ «የማን እንደነበረም ንገራት። ክርኑን በጣቷ ትዳስሰው።»

አሁንም ፖስተኛው ሲመጣ ፔዳሉ ይቆማል። ደብዳቤውን ልዘጋ ስል ትከሻዬን ነካ አድርጋ ይህን ጨምርልኝ አለች፤ ከራሴ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም፦ «ባዶውን ፖስታ ቶሎ ቶሎ ላኪ።»

አጎትሽ ባለአሮጌ ብሩሹ